ቲም ከመጫናችሁ በፊት ኮሜንቱን እዩ፦ ሊኑክስ ላይ የኮድ ቀለም ለምትመርጡ

ባለፈው ክረምት ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ኮድ እንጽፍ ነበር። አራታችንም ሊኑክስ ነው የምንጠቀመው። ስክሪናችን ግን አይመሳሰልም። የአንዱ ጥቁር መደብ ላይ ሮዝና ሐምራዊ ነው። የሌላው የተቆላ ቡና ይመስላል። የእኔ ሰማያዊ ያዘለ ጨለማ ነው። አዲስ የመጣው ልጅ ደግሞ ምንም አልነካካም፤ ቪኤስ ኮድ የሚባለውን የኮድ መጻፊያ (ኤዲተር) እንዳወረደው ነው የከፈተው። "የማንኛችሁን ልጫን?" አለን። ሦስታችንም በአንድ አፍ "የኔን!" አልን።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ባትሪ ለመቆጠብ ሁላችንም የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አደረግን። ወዲያው ኮሜንቶቼ፣ ኮዱ መሃል ለሰው ብዬ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች፣ ጠፉ። ማለቴ፣ አሉ፤ ግን አይነበቡም። ደብዛዛ ግራጫ በጨለማ መደብ ላይ፣ ያውም በግዕዝ ፊደል። እኛ ደግሞ ኮሜንታችንን ግማሹን በአማርኛ ነው የምንጽፈው። ባለሮዙ ጓደኛዬም እንደኔ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጓል። ምንም ያልነካካው ልጅ ግን ዘና ብሎ ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ቲም፣ ማለትም የኤዲተሩን የቀለም ስብስብ፣ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ኮሜንቱን ነው። የሚቀጥለው ንጽጽርም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለዪውና ቀቢው

አንድ ነገር ቀድመን እንለይ። "ቀለሙ አላማረኝም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ያደባልቃል። አንደኛው ኮዱን የሚለየው ክፍል ነው፤ ሲንታክስ ሃይላይቲንግ የሚባለው። ይሄ ቃል ኪዎርድ (የቋንቋው የራሱ ቃል) ነው፣ ያኛው ስትሪንግ (በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ) ነው፣ እዚህ ጋ ኮሜንት ይጀምራል እያለ ይለያል። ሁለተኛው ቲሙ ነው። ለተለየው ነገር ቀለም ይሰጣል እንጂ ራሱ አይለይም።

ስለዚህ ከአንድ ረጅም ስትሪንግ በታች ያለው ኮድ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ፣ ቲም መቀያየር ዋጋ የለውም። ጥፋቱ የለዪው ነው። ቪም የሚባለው ኤዲተር ላይ ይሄ በተደጋጋሚ ያጋጥማል፤ ፍጥነት ለማትረፍ ፋይሉን ከመሃል ጀምሮ ስለሚገምት ነው። ከመጀመሪያው እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል፤ ትልቅ ፋይል ላይ ይዘገያል እንጂ ይስተካከላል።

ለዪዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ቪም፣ ናኖ፣ ኬትና የጂኖም ቴክስት ኤዲተር የሚሠሩት በሬጌክስ ነው። የቃላቱን ቅርጽ አይተው ይገምታሉ። ቪኤስ ኮድ የሚጠቀመው ቴክስትሜት ከሚባል የማክ ኤዲተር የመጣ ሰዋስው ነው፤ እሱም ውስጡ ሬጌክስ ነው፤ አከፋፈሉ ግን በጣም ዝርዝር ነው። በዚያ ላይ የቋንቋው ሰርቨር፣ ኮዱን ከኋላ ሆኖ የሚመረምረው ፕሮግራም፣ "ይሄ ቫሪያብል ነው፣ ይሄ ፓራሜትር ነው" ብሎ የሚጨምርበት ሁለተኛ ንብርብር አለው። ኒዮቪም፣ ሄሊክስና ከ29ኛው ስሪት ወዲህ ኢማክስ ደግሞ ትሪሲተርን ያውቃሉ። ትሪሲተር ኮዱን እንደ ዛፍ ዘርግቶ ያነበዋል። ኤችቲኤምኤል ውስጥ ጃቫስክሪፕት፣ ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ሲገባ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ታዲያ ትሪሲተር ይሻላል ማለት ነው? ለትልቅ ፕሮጀክት አዎ። ለአጭር የባሽ ስክሪፕት ወይም ለፓይተን የቤት ሥራ ግን የሬጌክሱ ይበቃል። ትሪሲተር ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ፓርሰር (ኮዱን የሚተነትን ፕሮግራም) ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ማውረድና እዚያው ላፕቶፑ ላይ ኮምፓይል ማድረግ አለባችሁ። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ጨርሱት፤ ለሥራ ከተቀመጣችሁ በኋላ አትጀምሩት።

ኤዲተሩ ምን ያህል ያስነካችኋል?

ቪኤስ ኮድ ላይ ቲም መቀየር ቀላል ነው። ኮንትሮልን ይዛችሁ ኬ፣ አሁንም ኮንትሮልን ይዛችሁ ቲ። ዝርዝሩ ይመጣል፤ በቀስት ስትወርዱ ኮዳችሁ እዚያው ቀለሙን ይቀያይራል። የቪኤስ ኮድ እውነተኛ ብልጫ ግን ሌላ ነው። ቲሙን ሳትነኩ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ትችላላችሁ። ሴቲንግ ፋይሉ ላይ "ኮሜንት ይሄን ቀለም ይሁን" የሚል ጥቂት መስመር ከጻፋችሁ ሌላው እንዳለ ይቀመጣል። የትኛው ቃል በምን ስም እንደተለየ የሚያሳይ መመርመሪያም አለው፤ በትዕዛዝ ሳጥኑ ውስጥ ቶክን መመርመሪያውን ፈልጋችሁ አስነሱና ቃሉ ላይ ከርሰሩን አሳርፉ። መገመት ቀረ።

ጉዳቱ ሜሞሪ ነው። ራሙ 4 ጊጋ በሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘርና ቪኤስ ኮድ አብረው ሲከፈቱ ማሽኑ ያቃስታል። ቪኤስኮዲየም ይቀላል ብላችሁ እንዳትቀይሩ። የማይክሮሶፍት መረጃ መሰብሰቢያ የተወገደለት ያው ኤዲተር ነው፤ ክብደቱ አይቀንስም። ኤክስቴንሽን የሚያወርደውም ከሌላ መደብር ስለሆነ አንዳንድ ቲም ላታገኙ ትችላላችሁ።

ቪም በተቃራኒው ምንም አይከብድም። ግን ኡቡንቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አብሮ የሚመጣው ቪም ትንሹ ስሪት ነው። ሲንታክስ አብራ ስትሉት ይህ ትዕዛዝ እዚህ ስሪት ውስጥ የለም ይላችኋል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮንፊግ ፋይሌን ስወቅስ ነበር። መፍትሔው ሙሉውን የቪም ፓኬጅ መጫን ብቻ ነው። ከዚያ ከለርስኪም የሚለውን ትዕዛዝ ጽፋችሁ፣ አንድ ስፔስ ትታችሁ፣ ኮንትሮል ዲ ስትጫኑ ያሉት ቲሞች ይዘረዘራሉ። አዲሶቹ ቪሞች ላይ ሬትሮቦክስ የሚባል አለ፤ ዝነኛውን ግሩቭቦክስን ተከትሎ የተሠራ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። ዳታ ለቆረጠበት ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ቪም ላይ የራሳችሁን ቀለም ስትጨምሩ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ቲሙ ሲጫን ከእሱ በፊት የጻፋችሁትን የቀለም መስመር ይደመስሳል። የኮሜንቱን ቀለም የምትቀይሩበት መስመር ሁልጊዜ ቲሙን ከምትጠሩበት መስመር በታች ይሁን። ግማሹ "አልሠራልኝም" የሚል ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው።

ኒዮቪም ለቪም ወዳጆች የተሻለ አነሳስ ይሰጣል። ከ0.10 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ሙሉ ቀለም መቻል አለመቻሉን ራሱ ይጠይቃል። ቪም ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያንን በእጃችሁ ማብራት አለባችሁ። ካላበራችሁት ቲሙ ከ16 ሚሊዮን በላይ ከሆነው የቀለም ምርጫ ወደ 256 ይወርዳል። ፎቶው ላይ ያያችሁት ለስላሳ ቡናማ ስክሪናችሁ ላይ ጭቃ መስሎ ቢመጣ አትገረሙ። ቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ለብዙ መስኮት የሚከፍለው ፕሮግራም) ውስጥ ስትሠሩም ያው ነው፤ እሱ ራሱ ሙሉ ቀለም እንዲያሳልፍ ካልተነገረው መሃል ላይ ያስቀራል።

ኬትን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ያለ አግባብ። ከሁሉም በላይ በማውዝ ቀለም የሚያስነካው እሱ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ የከለር ቲም ገጽ አለ። ያለውን ቲም ኮፒ ታደርጋላችሁ፣ ስም ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ኮሜንት፣ ስትሪንግ፣ ቁጥር እያላችሁ አንድ በአንድ ትቀይራላችሁ። ለአንድ ቋንቋ ብቻ መቀየርም ይቻላል። ግሩቭቦክስ፣ ድራኩላ፣ ኖርድ፣ ሶላራይዝድ፣ ሞኖካይ፣ ሁሉም አብረውት ይመጣሉ። የሠራችሁትን ወደ ፋይል አውጥታችሁ በፍላሽ ለጓደኛ መስጠት ትችላላችሁ። ጂኖም ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ሲጫን የኬዲኢን (የሌላኛውን ዴስክቶፕ) ላይብረሪዎች አብሮ እንደሚጎትት ብቻ እወቁ።

የጂኖም ቴክስት ኤዲተርና የቀድሞው ጂኤዲት ለመምረጥ እንጂ ለመጠገን አልተሠሩም። ጥቂት ቲም አላቸው። የራሳችሁን ከፈለጋችሁ የኤክስኤምኤል ፋይል መጻፍ ነው። ናኖ ደግሞ የተርሚናሉን ቀለም ነው የሚበደረው፤ ሰርቨር ላይ ኮንፊግ ለማረም ይበቃል።

ወደ ቲሞቹ

ኮንትራስት፣ ፊደሉ ከመደቡ ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት፣ በቁጥር ይለካል። ነጭ ላይ ያለ ጥቁር ፊደል 21 ለ1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ለድረ ገጽ ጽሑፍ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራ ፊደል ቢያንስ 4.5 ለ1 ይላል። ጠበቅ ያለው ደረጃ 7 ለ1 ነው። ኮድ ድረ ገጽ አይደለም፤ ዓይኑ ግን ያው ዓይን ነው።

ሶላራይዝድ የእኔ ቲም ነው። ኤታን ስኩኖቨር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። 16 ቀለም አለው፤ 8ቱ መደብና ጽሑፍ፣ 8ቱ ማድመቂያ። ብልሃቱ ብሩሁም ጨለማውም ስሪት አንድ ዓይነት ማድመቂያ መጠቀማቸው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ኪዎርዱ ያው አረንጓዴ ነው፤ ዓይናችሁ አዲስ ነገር አይማርም። እኔ ይሄን እወደዋለሁ። ግን በጨለማው ስሪት የኮሜንቱ ኮንትራስት 2.8 ለ1 አካባቢ ነው። ዋናው ጽሑፍ እንኳ 4.7 ገደማ ነው፤ በብሩሁ ስሪት ደግሞ ወደ 4.1 ይወርዳል። ጥሩ ስክሪን፣ ጥሩ ብርሃን፣ የላቲን ፊደል ሲሆን ያስኬዳል። የእኔ ላፕቶፕ ከሦስቱ ሁለቱ ይጎድሉታል።

ድራኩላ የባለሮዙ ጓደኛዬ ነው። ዋናው ጽሑፍ ደማቅ ነው፤ ቁልጭ ይላል። ኮሜንቱ ግን ወደ 3 ለ1 ነው። ሰማያዊ ያዘለ ሐምራዊ ስለሆነ ርካሽ ስክሪን ላይ ከመደቡ ጋር ይዋሃዳል። ሰብላይም ቴክስት ያስለመደን ሞኖካይም ኮሜንት ላይ እዚያው 3 ላይ ነው። ኖርድ ከሁሉም ይብሳል። ደስ የሚል፣ የሚያረጋጋ ሰማያዊ ነው፤ ለግድግዳ ቀለም እመርጠው ነበር።

ግሩቭቦክስ ይሻላል። የተቆላ ቡና ያልኩት እሱ ነው። ዋናው ጽሑፍ ከ10 ለ1 ያልፋል። ኮሜንቱ ወደ 4 ለ1 ይደርሳል፤ መስፈርቱን ባይሞላም ይነበባል። መደቡን ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ ብሎ በሦስት ደረጃ ያቀርባል። እዚህ አገር ከሰዓት በረንዳ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ጠንካራውን ውሰዱ።

ኢማክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ሞደስ የሚባሉት ቲሞች ከ28ኛው ስሪት ጀምሮ አብረው ይመጣሉ። 7 ለ1ን መነሻ አድርገው ነው የተሠሩት። ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ሰው የተዘጋጀ ስሪትም አላቸው። ይሄ ችግር በተለይ ወንዶች ላይ ብዙ ነው። የተሰረዘው መስመር ቀይ፣ የተጨመረው አረንጓዴ ሆኖ ሲመጣ ለእነሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። አብሯችሁ የሚሠራ ሰው "የትኛው ነው የተቀየረው?" እያለ ደጋግሞ ከጠየቃችሁ፣ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት ይሄን ጠይቁት።

ምንም ያልነካካው ልጅስ? ቪኤስ ኮድ ለዓመታት ይዞት የመጣው ጥቁር ቲም ኮሜንቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ኮንትራስቱ 5 ለ1 አካባቢ ነው። ዝነኞቹ የወደቁበትን አልፏል። ለውጥ ፈላጊዎቹ እኛ ነበርን የተቸገርነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። የድሮ ብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጽሑፉ ጥቁር ነው። የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም ሲመጣ ጸሐፊው ብዕሩን ቀይሮ በቀይ ይጽፋል። ሁለት ቀለም ብቻ። ቀዩ የሚታየው ጥቁሩ ስለበዛ ነው። አንዳንድ ቲም ግን ቅንፉን ብርቱካን፣ ነጠላ ሰረዙን ሮዝ፣ ቫሪያብሉን ሰማያዊ ያደርገዋል። እኔ ከ5 ቀለም በላይ ያለው ቲም ላይ ምንም ነገር ጎልቶ አይታየኝም።

የግዕዝ ፊደል ጣጣ

ይሄን የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም። ብዙ ቲም ኮሜንትን ዘመም አድርጎ በኢታሊክ ያሳየዋል። የላቲን ፎንት ለዚያ ራሱን የቻለ የተዘጋጀ ቅርጽ አለው። የግዕዝ ፎንቶች ግን አብዛኞቹ የላቸውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ያጋድመዋል። "ጭ" እና "ጩ" ተጋድመው፣ ደብዝዘው፣ በትንሽ መጠን ሲመጡ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማንበብ ፈተና ነው። ኢታሊኩን አጥፉት። ቪኤስ ኮድ ላይ ለኮሜንት የፎንት ስታይሉን ባዶ አድርጉ። ቪም ላይ ከቲሙ በታች ኮሜንቱ ምንም ስታይል እንዳይኖረው እዘዙ። ኬት ላይ አንድ ምልክት ማንሳት ነው።

ተርሚናል ሌላ ጣጣ አለው። ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ሳጥን ነው የሚሰጠው። "ሠ" ወይም "ጬ" እዚያ ሳጥን ውስጥ አይበቃቸውም። ወይ ይጨማደዳሉ፣ ወይ ጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ። ይሄን ቲም አያድነውም። የአማርኛ ጽሑፍ የሚበዛበት ፕሮጀክት ከሆነ፣ ለምሳሌ የድረ ገጽ ትርጉም ፋይል፣ ቪም የምትወዱ ሰዎች እንኳ ለዚያች ፋይል ብቻ ኬትን ወይም ቪኤስ ኮድን ክፈቱ። ቪኤስ ኮድ ላይ ፎንቱን በቅደም ተከተል ስጡት፤ መጀመሪያ የለመዳችሁትን የኮድ ፎንት፣ ቀጥሎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን።

ጨለማ ወይስ ብሩህ?

"ጨለማ ቲም ባትሪ ይቆጥባል" የሚባለው ኦሌድ ስክሪን ላይ እውነት ነው። እዚያ ጥቁር ማለት የጠፋ መብራት ነው። አብዛኛው ላፕቶፓችን ግን ኤልሲዲ ነው። ከኋላው ያለው መብራት ቲሙ ጥቁርም ሆነ ነጭ እኩል ይበራል። ባትሪ የሚቆጥበው ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ ነው። ብርሃኑ ዝቅ ሲል ደግሞ ብሩህ ቲም ይበልጥ ይነበባል። የዚያን ቀን እኔ ማድረግ የነበረብኝ ኮንትራስቱ ጠንከር ወዳለ ብሩህ ቲም መዞር ነበር።

ፀሐይም አለች። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በጋ ላይ ፒያሳ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዛችሁ ላፕቶፕ ስትከፍቱ፣ ጨለማ ቲም የራሳችሁን ፊት ነው የሚያሳያችሁ። ብሩሁን አድርጉ። ማታ ክፍል ውስጥ ሲሆን ጨለማው ይመቻል። የዓይን አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ግን ጥቁር ላይ ያለ ነጭ ፊደል ዙሪያው ሊፈካበት ይችላል። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ሁለቱንም ሞክሩ።

ፕሮጀክተር ላይ ያለ ክርክር ብሩህ። አንድ ስልጠና ላይ የተወደደ ጨለማ ቲሜን ይዤ ቀረብኩ። መጋረጃው ስስ ነው፣ ፕሮጀክተሩ አርጅቷል። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ያለው ሰው ያየው አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነው። አንድ ጋሼ ከኋላ "ልጄ፣ መብራቱን አላበራኸውም መሰለኝ" አሉኝ።

ቪኤስ ኮድ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ጨለማና ብሩህ እንዲቀያየር ማድረግ ይቻላል፤ ለሁለቱም የምትፈልጉትን ቲም አስቀድማችሁ ትመርጣላችሁ። ሶላራይዝድና ግሩቭቦክስ ሁለቱም ጥንድ ስላላቸው ለዚህ ይመቻሉ።

የእኔ መፈተኛ

አንዲት ትንሽ ፋይል አለችኝ። ውስጧ የአማርኛ ኮሜንት፣ ብዙ መስመር የያዘ ስትሪንግ፣ ቁጥሮች፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተትና አንድ የተሰረዘ መስመር አለ። አዲስ ቲም ሳይ እሷን እከፍታለሁ። ብርሃኑን ወደ ታች፣ ሊጠፋ ሲል፣ አወርደዋለሁ። ወንበሬን ወደ ኋላ እገፋለሁ። ኮሜንቱን ጮክ ብዬ ማንበብ ካቃተኝ ቲሙ አይሆነኝም።

ሶላራይዝድን ግን አልጣልኩትም። ከራሱ ከ16ቱ ቀለሞች አንዱን፣ ለጎላ ጽሑፍ የተመደበውን ፈካ ያለ ግራጫ፣ ለኮሜንት ሰጠሁት። ከ2.8 ወደ 5.6 ወጣ። አንድ መስመር ነው የፈጀው። ባለሮዙ ጓደኛዬ ድራኩላን ትቶ ግሩቭቦክስ ገባ፤ አሁን እሱም "የኔን ጫኑ" ይላል።

አዲሱ ልጅ ኬትን አወረደና ኮሜንቱን ደማቅ ቢጫ አደረገው። እንደ አደይ አበባ። ሳቅንበት። በሳምንቱ ማታ መብራት ሲጠፋ የሦስታችንም ባትሪ አልቆ፣ ወንበራችንን ይዘን እሱ ስክሪን ዙሪያ ተሰብስበን ነበር።